ሸሚዝ ስተኩስ አባባ ይመጡብኛል

ደብዳቤው፦

"ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ ግን ጽፌልሽ አላውቅም። ያሳደጉኝ የእናቴ አባት ናቸው፣ አባባ ነበር የምላቸው። ቤት ውስጥ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ፣ ልብስ ይተኩሳሉ፣ የተበጠሰ ቁልፍ ይሰፋሉ፣ ጫማ ያጸዳሉ፣ ሲተኩሱ ደግሞ ከንፈራቸውን ገጥመው የሆነች ዜማ ያንጎራጉራሉ። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። የዛን ጊዜ ብዙም አላለቀስኩም፣ አሁን ግን እርጥብ ሸሚዝ ላይ ካውያ ሳሳርፍና እንፋሎቱ ሲነሳ አጠገቤ የቆሙ ይመስለኛል፣ ዓይኔ እንባ ይሞላል፣ ግን አያመኝም፣ እንደውም ደስ ይለኛል። ወንድሜ 'ሁለት ዓመት ሙሉ? በቃ እርሳቸው እንጂ፣ ሐኪም ያስፈልግሃል' ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ማጠቢያ ማሽን እንግዛ፣ የሚተኮሰውንም ለላውንደሪ እንስጥ ስትለኝ ተቆጣሁ፣ ለምን እንደተቆጣሁ ግን መናገር አቃተኝ። ከሁሉም የከበደኝ፣ ባለፈው የሰባት ዓመት ልጄ ላግዝህ ብላ መሀረብ ስታጥፍ አባባ እንደሚያጥፉት ሳይሆን በራሷ መንገድ አጠፈችው፣ እኔም 'እንደዚህ አይደለም!' ብዬ ጮህኩባት፣ ጥላኝ ወጣች። አባባ እኮ እኔ ልጅ ሆኜ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ሳቃጥልባቸው ምንም አላሉኝም፣ ኮት ደርበውበት ነው የወጡት። ይሄ ነገር በሽታ ነው? ፊታቸው ራሱ እየደበዘዘብኝ ነው፣ ሥራውን ካቆምኩ ጭራሽ የምረሳቸው ይመስለኛል። ታናሽ እህታቸው በሕይወት አሉ፣ ስደውልላቸው ስለሚያለቅሱ ግን መደወል ትቻለሁ።"

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አባባን ነፍሳቸውን ይማር። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ብዙ ነገር ጠይቀሃል፣ ግን አንዱ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፣ እሱም አንተ በሽታ ነው ወይ ያልከው አይደለም። እደርስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ይሄን የበሽታ ነገር እንጨርሰውና ልብህ ይረፍ።

በሽታ አይደለም። አጠገቤ የቆሙ ይመስለኛል ስትል እያፈርክ እንደጻፍከው ያስታውቃል፣ አትፈር። እ.ኤ.አ. በ1971 ዌልስ ውስጥ ደዊ ሪስ የሚባል ሐኪም ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋግሮ ነበር፣ ግማሽ ያህሉ የሞተው ሰው አብሯቸው ያለ የመሰላቸው ጊዜ እንዳለ ነገሩት፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከዛ በፊት ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር። ጤነኛ ሰዎች ናቸው፣ ቤታቸውን የሚመሩ፣ ሥራቸውን የሚሠሩ፣ እና ብዙዎቹ ነገሩ አጽናናን እንጂ አስፈራን አላሉም። አንተም ያልከኝ ይሄንኑ ነው፣ ደስ ይለኛል ነው ያልከው። እንባ ስላለበት ብቻ ደስታው ውሸት አይሆንም።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው ካልከኝ ደግሞ እሱም ግልጽ ነገር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ራሱን የቻለ ችግር ተመዝግቧል። ሰው ከሞተ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ፣ ናፍቆቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሰውየውን የሚቆጣጠረው ሲሆን፣ ሥቃዩ ከባድ ሲሆን፣ ሞቱን አምኖ መቀበል ሲያቅተው፣ ሥራውም ቤተሰቡም ራሱን መጠበቁም በጣም ሲታወክበት ማለት ነው። ጊዜው ብቻውን ምንም አይልም፣ ዋናው ሕይወትህ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለው ነው። ያንተ እየሄደ ነው። እንዲህ ዓይነት ምልክት አንድ ቀን ካየህ ግን ሳታፍር ሂድ፣ ወንድምህ ትክክል ነበር ማለት አይደለም፣ ራስህን አከበርክ ማለት ነው።

አሁን ለምን ካውያ ላይ? ለምን የቀብራቸው ቀን ያልመጣ እንባ ሸሚዝ ላይ ይመጣል? ይሄንን ላስረዳህ እፈልጋለሁ ምክንያቱም ሲገባህ ፍርሃትህም ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ ነገር ሽታው ነው። የምናየውና የምንሰማው ነገር ታላመስ የሚባለውን የአእምሮ ክፍል ሳያልፍ ወደ ላይ አይሄድም፣ ሽታ ግን በዛ አያልፍም፣ ከአፍንጫ ተነስቶ ስሜትንና ትዝታን ወደሚይዙት ክፍሎች፣ አሚግዳላና ሂፖካምፐስ ወደሚባሉት፣ በጣም አጭር በሆነ መንገድ ይደርሳል። ለዛ ነው ማሰብ ከመጀመርህ በፊት ጉሮሮህን የሚይዝህ። እና ከቤት ሥራ ሁሉ ደግሞ መተኮስ ለዚህ የተለየ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ጨርቁ ውስጥ የተያዘውን የሳሙናውንም የጥጡንም ሽታ አንድ ላይ አትንኖ ወደ ፊትህ ያመጣዋል። ደረቅ ሸሚዝ ከመሳቢያ ስታወጣ አባባ ያልመጡት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው እጅህ ነው፣ ይሄኛው በጣም የሚገርመኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ለሚጥል በሽታው ብሎ የአእምሮ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ሐኪሙ ከሂፖካምፐስ ከሁለቱም ጎን ትልቅ ክፍል ቆርጦ አወጣ፣ ከዛ በኋላ ሰውየው አዲስ ነገር መያዝ አቃተው፣ ያገኘው ሰው ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ ግን አንድ ነገር አሠራችው፣ መስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ በእርሳስ እንዲከተል። በየቀኑ ከዚህ በፊት ሠርቼው አላውቅም ይላታል፣ እጁ ግን በየቀኑ እየጎበዘ ሄደ። እጅ የሚማረው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ሌላ ነው ማለት ነው። ፊታቸው እየደበዘዘብህ፣ ኮሌታውን ከጫፍና ጫፍ ወደ መሀል መተኮስ ግን አልጠፋህም አይደል? የፊታቸው መደብዘዝ ስላልወደድካቸው አይደለም፣ ፊትና የእጅ ሥራ አእምሮህ ውስጥ አንድ ቦታ ስላልተቀመጡ ነው። ለፊቱ ፎቶ ይረዳል፣ የምታየው ቦታ አንድ ስቀል። የእጁን ደግሞ አንተ ራስህ ይዘኸዋል።

ሌላም አለ። እጅ የለመደውን ሥራ ሲሠራ ሐሳብ ነጻ ይሆናል፣ የአእምሮ ተመራማሪው ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት አእምሯችን የተለየ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ በሌለበት ሰዓት ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የሚነቃ የራሱ መረብ አለው፣ ያ መረብ ደግሞ ስለራሳችን፣ ስላለፈው ሕይወታችን፣ ስለሰዎቻችን ስናስብ የሚሠራው ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ፣ ስብሰባ፣ ትራንስፖርት፣ ምናምን፣ አባባ የሚገቡበት ቀዳዳ የለም። ካውያው ፊት ስትቆም ብቻ ነው በሩ የሚከፈትላቸው። እኔም አያቴን የማገኛቸው አንሶላ ሳጥፍ ነው፣ ሌላ ጊዜ ልጥራቸው ብል እንኳን እንደዛ ቁልጭ ብለው አይመጡልኝም።

ወንድምህ እርሳቸው ያለህ በክፋት አይመስለኝም፣ ይሄ ብዙ ሰው ያደገበት አስተሳሰብ ነው፣ የተማሩትም ጭምር። የሥነ ልቦና ትንተናን የጀመረው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1917 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሐዘን ሥራው የሚያበቃው ልብ ከሞተው ሰው ላይ ቀስ በቀስ ተላቆ ነጻ ሲወጣ ነው የሚል ሐሳብ አስቀምጦ ነበር። ከዛ በ1920 ሶፊ የምትባል የ26 ዓመት ልጁ በኢንፍሉዌንዛ ሞተችበት። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ሶፊ ብትኖር ኖሮ 36 ዓመት በምትሞላበት ቀን፣ ልጅ ለሞተበት ጓደኛው ለሉድቪግ ቢንስዋንገር ደብዳቤ ሲጽፍ ሐሳቡ ሌላ ነበር፣ ኃይለኛው ሐዘን ይበርዳል፣ ምትክ ግን አይገኝም፣ መሆንም ያለበት እንደዛ ነው፣ ልንለቀው የማንፈልገውን ፍቅር የምናቆየው በዚሁ ብቻ ነው ብሎ ጻፈለት። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን የሚባሉ የሐዘን ተመራማሪዎች ጤናማ ሐዘን ማለት ከሟቹ ጋር ያለውን ግንኙነት መቁረጥ ሳይሆን መልኩን ቀይሮ መቀጠል ነው የሚለውን ሐሳብ አጠናክረው አመጡት፣ አሁን ሐዘንተኛ የሚያማክሩ ብዙ ባለሙያዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። ስለዚህ ለወንድምህ አልረሳቸውም በለው፣ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ፣ እሱስ ምን ሲሠራ እንደሚያስታውሳቸው ጠይቀው። የሳቸው የልጅ ልጅ እኮ እሱም ነው፣ ምናልባት እርሳቸው የሚልህ ለራሱ ፈርቶ ይሆናል።

አሁን ወደ ልጅህ። ደብዳቤህ ላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ አላሳሰበኝም፣ እውነቱን ልንገርህ።

አንተ ስለ አባባ ስትጽፍልኝ የመሀረቡን እጥፋት በሁለት ቃል ነው ያለፍከው፣ የተቃጠለውን ኮሌታ ግን ኮት ደርበውበት እንደወጡ ድረስ ነገርከኝ። የትኛው ነው ውስጥህ የቀረው? ልጅ ሆነህ ሸሚዛቸውን አበላሽተህ፣ ስድብ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ዝም ብለው ኮታቸውን ለበሱ። ይሄ ነው አባባ። መሀረቡ ሦስት ጊዜ ይታጠፍ አራት ጊዜ ለሳቸው የልማድ ጉዳይ ነበር፣ አንተ ግን ልማዳቸውን ለመጠበቅ ስትል ትዕግሥታቸውን ጣልከው፣ ጩኸቱ እኮ ከሳቸው የወረስከው አይደለም። ይሄን የምልህ ልወቅስህ ፈልጌ አይደለም፣ ናፍቆት ሰውን እንዲህ ያደርጋል፣ ሰውየውን መመለስ ሲያቅተን የሠሩትን ነገር እንዳይነካ መጠበቅ እንጀምራለን፣ ቀስ በቀስ ነገሩ ከሰውየው በላይ ይከበራል፣ በሕይወት ያለው ሰው ደግሞ እየተገፋ ይሄዳል። የተገፋችው ልጅህ ናት።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ2006 በስዊድን የተሠራ ጥናት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን በቃል፣ በሥዕልና በሽታ ትዝታ እያስነሳ ሲያወዳድር፣ ቃልና ሥዕል ያመጧቸው ትዝታዎች በብዛት ከ11 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ የሆኑትን ነበር፣ ሽታ ያመጣው ግን ከ10 ዓመት በታች የነበረውን ነው። ልጅህ ሰባት ዓመቷ ነው። አንተ ካውያህን ይዘህ ስትቆም እሷ አጠገብህ ሆና ያንኑ እንፋሎት እየሸተተች ነው። ከሠላሳ አርባ ዓመት በኋላ የሆነ ቤት ውስጥ እርጥብ ሸሚዝ ላይ ካውያ ሲያርፍ ማን እንደሚመጣባት አስበው፣ እና ምን እያላት እንደሚመጣ።

ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትል አናግራት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፣ ሰባት ዓመት ልጅ ረጅም ይቅርታ አትወድም። ቁጭ በልላትና "የዛን ቀን የጮህኩብሽ መሀረቡን ስላበላሸሽ አይደለም፣ አላበላሸሽውም። ያሳደጉኝ አባባ ናፍቀውኝ ነው፣ አንቺ ላይ መጮህ ግን አልነበረብኝም" በላት። ከዛ የኮሌታውን ታሪክ ንገራት፣ ሙሉውን፣ አንተ እንዴት እንደፈራህ፣ ኮታቸው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው። ልጆች ትልልቅ ሰዎች ልጅ ሆነው ስላጠፉት ጥፋት መስማት በጣም ይወዳሉ፣ እንደገና ንገረኝ እያለች ትይዝሃለች። በነገራችን ላይ ካውያውን ራሱን ለጊዜው አትስጣት፣ ለጥጥ ሲሆን ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፣ የካውያውም ገመድ እጇ በሚደርስበት አይንጠልጠል። ሌላው ግን ሞልቷል፣ ውሃ ትርጭልህ፣ ቁልፎችን በመጠን ትለይ፣ መሀረቦቹ ደግሞ የሷ ይሁኑ፣ እሷ እንዳጠፈችው መሳቢያ ውስጥ ይግቡ፣ ከኋላዋ ሄደህ እንዳታስተካክለው፣ ልጆች ያንን ያያሉ።

የባለቤትህን ነገር በአጭሩ ልንገርህ ምክንያቱም ቀላል ነው፣ አልነገርካትም እንጂ የምትከለክልህ ሴት አትመስለኝም። እሷ የምታየው ደክሞት እየተኮሰ ያለ ባል ነው፣ ልታሳርፍህ ነው የሞከረችው፣ አንተ ደግሞ ያለምንም ምክንያት ስትቆጣ አየችህ። አሁን ለኔ የጻፍከውን ደብዳቤ ስጣትና ታንብበው፣ አፍ አውጥተህ መናገር ካቃተህ ይሄ ይበቃል። ማሽኑን ግዙት። ማሽን የሚያጥበውን ይጠብ፣ አንሶላውም ሌላውም ለላውንደሪ ይሂድ፣ አንተ የራስህን ሸሚዞች ብቻ አስቀርና እነሱን ተኩስ። ሁሉንም ሥራ ተሸክመህ ቤቱን ሙዚየም ማድረግ የለብህም፣ ድካም ሲበዛ ደግሞ ትዝታውም ወደ ምሬት ይዞራል፣ አባባ እንዲመጡ አንድ ሸሚዝ ይበቃቸዋል።

እረሳቸዋለሁ ላልከው ፍርሃት ደግሞ ስለሳቸው የምታስታውሰውን ጻፍ። ስልክህ ላይ ይሁን ደብተር ላይ ለውጥ የለውም፣ እንደመጣልህ፣ ሳታሳምር። ዜማዋንም አንጎራጉረህ በስልክህ ሪከርድ አድርጋት፣ ድምፅህ ደስ የማይል ቢሆን እንኳን አድርገው፣ ዜማ በጽሑፍ አይያዝም። ትዝታ በተነሳ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እንደሚለወጥ የሚያሳምኑ ጥናቶች አሉ፣ ከነሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ የሠሩት ነው፣ እንደገና የተቀሰቀሰ ትዝታ ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ ሊነካና ሊቀየር እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የራስህን ጻፍ፣ ከዛ በኋላ ነው ከሌሎች ጋር ማወዳደር። ከሌሎቹ ጋር ሳትስማማ ስትቀር ደግሞ አትከራከር፣ የነሱንም ጎን ለጎን ጻፈው።

ሌሎች ስል በመጀመሪያ ታናሽ እህታቸውን ነው። ስደውል ያለቅሳሉ ብለህ ትተሃቸዋል፣ ግን ያ እንባ ካንተ እንባ በምን ይለያል? አንተ ሸሚዝ አለህ፣ እሳቸው ደግሞ ወንድማቸውን በስም ጠርቶ የሚያወራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ ስትደውል የሚያለቅሱት አንተ አሳዝነሃቸው ሳይሆን ማውራት የሚችሉበት ሰው ስላገኙ ይሆናል። እና አባባን ልጅ ሆነው የሚያውቋቸው ሰው እሳቸው ናቸው፣ አንተ ያገኘሃቸው ሽማግሌ ሆነው ነው። መተኮስ ማን አስተማራቸው? ወንድ ልጅ የቤት ሥራ ሲሠራ ያኔ ሰው ምን ይላቸው ነበር? ያቺ ዜማ የማን ናት፣ ቃል አላት ወይ? እሳቸውስ ሸሚዝ አቃጥለው ያውቃሉ? ጥያቄዎቹን ጽፈህ ያዝ፣ ስትደውል ከተፈቀደልህም ሪከርድ አድርግ፣ ልጅህም አጠገብህ ሆና ትስማ። በዚህ ሳምንት ደውልላቸው፣ የዜማዋን ነገር ምን እንዳሉህም ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።